ታጥቦ የሚመለስ

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ! እኛን ፌስታል ይዛችሁ በበሩ አትለፉ ይለናል፤ የእሱ በረንዳ ላይ ግን ፌስታሉ ረድፍ ይዞ ይውለበለባል።»

ይህን ቃል ሰዓት ሠሪው የሰማው ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ፣ ከደረጃው መታጠፊያ በታች ሆኖ ነበር። ተናጋሪዋ ምድር ቤት የምትኖረው አዋላጅ ስትሆን፣ አድማጯ የሦስተኛ ፎቋ ሙሽራ ናት። ሙሽራ የተባለችው ሴትዮ ልጇ ጥርስ ካበቀለ ቆይቷል፤ ሕንጻው ግን አንድ ጊዜ ያወጣውን ስም መልሶ አይወስድም። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን እንዳይሰማ ተፈጥሮ በቂ ጥንቃቄ አድርጋለች፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው መባሉም ለዚህ ነው። ይህን ደረጃ የገነባው ሰው ግን የተፈጥሮን ጥንቃቄ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ላይ የተንሾካሾኩት ታች ድረስ እንደ ደወል ይሰማል። ሰዓት ሠሪው ዳቦውን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ሴቶቹ ወደ ሽንኩርት ዋጋ እስኪሻገሩ ድረስ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆመ። የሽንኩርት ዋጋ ሲነሳ ሐሜት ይሞታል። ያን ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና ወጣ። «እንደምን አደራችሁ?» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሊቀመንበር!» አሉ ሁለቱም፣ ከሚገባው በላይ ደስ ብሏቸው።

ሊቀመንበር ያሉት የሕንጻው ነዋሪዎች ኮሚቴ መሪ ስለ ነበር ነው። ባለፈው ክረምት ፌስታልና የውኃ ጠርሙስ የግቢውን ቦይ ደፍነውት፣ የምድር ቤት ሰዎች ጫማ በኮሪደሩ ላይ እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ አደረ። ከዚያ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ ሰዓት ሠሪው ተነሥቶ ሁለት ሕግ አቀረበ። አንደኛው፣ ማንም ሰው ፌስታል ይዞ በግቢው በር አይገባም፤ ዘበኛውም ይፈትሻል። ሁለተኛው፣ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቤት የሳምንቱን ቆሻሻ ሳይሸፍን ግቢው ውስጥ በራሱ የቤት ቁጥር ፊት ያስቀምጣል፤ ጎረቤትም እየዞረ ያየዋል። «ሰው ቅጣት አይፈራም፤ ሰው የሚፈራው ሰውን ነው» ብሎ ሲጨርስ ተጨበጨበለት። በስብሰባ ላይ የሚያጨበጭብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጨበጭበው ስብሰባው እንዲያልቅ መሆኑን ሰዓት ሠሪው አላሰበውም። ያላጨበጨቡት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጡረተኛው ዳኛ። እሳቸው ሊቀመንበርነቱን ከሰዓት ሠሪው ቀድመው የተመኙ ሰው ናቸው። «መልካም ነው» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ሕግ ግን ከራስ ይጀምራል። በዕለቱ ከጽዳት ቢሮ ባለሙያ ጠርተን የሊቀመንበሩን ቤት እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ እንድታይልን እጠይቃለሁ።» ይህም ተጨበጨበለት። የመጀመሪያው ዕለት እንግዲህ ዛሬ ነው።

ሰዓት ሠሪው ቤቱን ከፍቶ ሲገባ ታላቅ እኅቱ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ድምፁ አይሰማም። ሪሞቱ እንዳይቆሽሽ ብለው በሁለት ፌስታል ደራርበው ጠቅልለው፣ በላስቲክ ክር አሥረውታል፤ ስለዚህ ድምፅ የሚጨምረውን ሲጫኑት ጣቢያው ይቀየራል፣ ጣቢያ የሚቀይረውን ሲጫኑት ድምፁ ይጠፋል። እሳቸውም ድምፁ ከጠፋበት ቀን ጀምሮ የሰዎቹን አፍ እያዩ መተርጎም ለምደዋል። «ይኼኛው ውሸታም ነው» ይላሉ ስለ ዜና አንባቢው፣ ያለ ምንም ማስረጃ።

እትዬ ወደዚህ ቤት የመጡት ክረምቱ ሳይገባ ነው። እናታቸው ስትሞት ሰዓት ሠሪው ገና የሚድህ ልጅ ስለ ነበር በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ዛሬም ጺሙ ሸብቶ ሳለ «አንተ ልጅ» ይሉታል። ከዚህ በፊት የሚኖሩት ከሌላው ወንድማቸው ዘንድ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ የወንድማቸው ሚስት ጆንያቸውን አውጥታ ጥላው አገኙ። አልጮኹም፣ አላኮረፉም፤ ሄደው ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጆንያውን አወጡ፣ ሻንጣቸውን አዘጋጁ፣ «ዕቃዬን የጣለ እኔን ጥሏል» ብለው በዚያው ሰዓት ወጡ። ወደ ሰዓት ሠሪው ቤት ሲደርሱ ሻንጣው በላስቲክ ተጠቅልሎ በመኪናው አናት ላይ ነበር፤ ጆንያው ግን በጭናቸው ላይ። የሻንጣውን ላስቲክ እስከ ዛሬ አልፈቱትም።

በጆንያው ውስጥ ያለው ፌስታል ነው። ሌላ ምንም የለም። እትዬ በዕድሜያቸው እጃቸው የገባውን ፌስታል ጥለው አያውቁም። በሳሙና ያጥቡታል፣ ይገለብጡታል፣ በረንዳው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ያሰጡታል፣ ሲደርቅ በጉልበታቸው ላይ እየዳበሱ ሦስት ማዕዘን አድርገው ያጥፉታል፣ ከዚያም ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ወደ ቆመው ጆንያ ይጨምሩታል። አዲስ ሕግ መውጣቱን ወንድማቸው በነገራቸው ጊዜ «የእኔዎቹ ከሕጉ በፊት የገቡ ናቸው» ብለው ነበር የመለሱለት። እሱም አንድ ጊዜ ደፍሮ ጠይቋቸዋል።

«እትዬ፣ ይኼ ሁሉ ፌስታል ምን ያደርግልዎታል?»

«ያስፈልጋል።»

«መቼ?»

«ሲያስፈልግ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አልተነጋገሩም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ዝምታው ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆሞ ዕለት ዕለት እያበጠ ሄደ። ዛሬም ጠዋት ሻይ ሲጠጡ ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ከጆንያው ላይ፣ እትዬም ዓይናቸውን ከሰዓት ሠሪው ዓይን ላይ አላነሡም። «እንግዳ ይመጣል ዛሬ» አለ በመጨረሻ። «ይምጣ» አሉ እትዬ፤ «ቤቱ ንጹሕ ነው።» ቀጥለውም ለጉልበታቸው ወደ ክሊኒክ እንደሚሄዱና ቲማቲም ገዝተው እንደሚመለሱ ነግረውት፣ በቀሚሳቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ፌስታል ይዘው ወጡ።

የዱላቸው ኳኳታ ከደረጃው ሲጠፋ ሰዓት ሠሪው ተነሣ። ለራሱ የነገረው፣ ሊጥለው እንዳልሆነ ነው። ሊያርቀው ብቻ ነው፤ እስከ ማታ፣ እስከ ሱቁ። ጆንያውን በትከሻው ላይ ባደረገ ጊዜ ክብደት የሌለው መሆኑ አስደነገጠው፤ የሰው ዕድሜ ተጠራቅሞ እንዲህ ይቀልላል ብሎ አልጠበቀም ነበር። በበሩ ሲወጣ ዘበኛው ተነሥቶ እጅ ነሣው። ዘበኛው የሚፈትሸው ገቢውን እንጂ ወጪውን አይደለም።

ታክሲ ውስጥ ጆንያውን ከመቀመጫው ሥር አደረገው። በመንገድ ላይ ሳለ «ማራቅ» እና «መጣል» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ዕቃ ረስቶ መውረድ በማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ እትዬም ቢሆኑ መርሳትንና መጣልን አንድ አያደርጉም ብሎ አሰበ። ከሱቁ ቀድሞ ባለው ፌርማታ ወረደ፤ ወደ ኋላ ሳያይ፣ በሰዓት ሠሪ እርምጃ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ መራመድ ጀመረ። ወዲያው የፍሬን ጩኸት ከኋላው ተሰማ። «አባባ! ዕቃዎን!» ታክሲው በመንገዱ መካከል ቆሟል፣ ከኋላው ያሉት መኪናዎች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቷል። ጆንያው ከኋላ ወንበር ወደ ፊት፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ እንደ ሕፃን ልጅ በጥንቃቄ እየተላለፈ ወጣ። «የሰው ንብረት ይዘን የት እንገባለን?» አለች አንዲት ሴት። «ደግሞ እንዴት ይቀልላል! ጥጥ ነው?» አለ ረዳቱ። ሰዓት ሠሪው ምርቃቱን በጥርሱ መካከል አወጣ። ደግ ሰው ሲፈልጉት አይገኝም፤ ሳይፈልጉት ግን ታክሲ ሙሉ ይገኛል።

ከሱቁ ፊት ለፊት የሕዝብ መናፈሻ አለ፤ በመግቢያው ላይ ትልቅ የብረት ቅርጫት ተተክሏል። ሰዓት ሠሪው ጆንያውን ወደ ቅርጫቱ አፍ ባስጠጋ ጊዜ መናፈሻውን የምትጠርገው ሴት መጥረጊያዋን እንደ ዘንግ አጋድማ ቆመችበት። «ምንድን ነው አባቴ?» ብላ ጠየቀችው። «ቆሻሻ» አለ። የጆንያውን አፍ ፈታች፤ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን አወጣች፤ ዘረጋችው፤ አሸተተችው። «ሳሙና ሳሙና ይላል!» አለች ዓይኗን አፍጥጣ። «ይኼማ ከለበስኩት ጋዋን ይነጻል። ቆሻሻ ብቻ ነው የሚጣል ተብሏል፤ ንጹሕ ዕቃ አላስጥልም።» «እንግዲያው አንቺ ውሰጂው» ብሎ ለመናት። «ኧረ በሞትኩት! በሰው ንብረት ምን በወጣኝ!» ብላ እንደ ነበረ አጥፋ መልሳ አሠረችለት።

ዞር ሲል ከዛፉ ጀርባ ግራና ቀኝ እያየች ከምትወጣ ሴት ጋር ተፋጠጠ። አዋላጇ ናት። ጠዋት በደረጃው ላይ ያልነበረ ትልቅ የእጅ ቦርሳ በክንዷ አንጠልጥላለች፤ የቦርሳው አፍ አልገጠመም፤ ከክፍተቱም የሽንኩርት ልጣጭ እንደ ምላስ ወጥቶ ይታያል።

«ሊቀመንበር!»

«ቅዳሜም ሥራ አለ እንዴ?»

«ምጥ ቅዳሜ ያውቃል ብለው ነው?» አለች ቦርሳውን ወደ ኋላዋ እየሸሸገች። «እርስዎስ?»

«ደንበኛ ነው። የግድግዳ ሰዓት።»

«በጆንያ?»

«ግድግዳው ብዙ ነው።»

ሁለቱም የሌላውን ገመና እንደሚያከብር ጨዋ ሰው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተለያዩ። ሰዓት ሠሪው ግን ልቡ ጠረጠረ። አዋላጇ የሄደችበትን ሲከታተል፣ የሙሽራዋ ባል ጋቢናው እስከ ጣሪያው በካርቶን የተሞላ መኪና እየነዳ በመናፈሻው ዳር ሲያልፍ አየ። ሰው የሚፈራው ሰውን ነው ብሎ ነበር። እውነቱን ነው፤ ሕንጻው በሙሉ ፈርቶ ቆሻሻውን ተሸክሞ ከተማውን ይዞራል።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ከአንድ ቁም ሣጥን የሚሰፋው በጥቂት ነው። አጠገቡ ጫማ ሠሪው ይሠራል፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ሳንቃ ስለሆነ ሃያ ዓመት ሲተያዩ ሳይሆን ሲደማመጡ ኖረዋል። ሰዓት ሠሪው ጆንያውን ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ሊያስገባ ቢሞክር አልገባም። መሳቢያዎቹ ሁሉ በሞቱ ሰዓቶች ተሞልተዋል፤ ከሥራቸው የማሰሪያ ጠፍር፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ጥርሱ የረገፈ የሰዓት መዘውር፣ ቆጣሪያቸው የቆመ የቅርስ ያህል ያረጁ ሰዓቶች በቆርቆሮ ሣጥን ታጭቀዋል። ጫማ ሠሪው በሳንቃው ቀዳዳ አየው። «ያንን የሬሳ ሣጥን ሁሉ ጥለኸው ቢሆን ኖሮ ቦታ አታጣም ነበር» አለው።

«ዕቃው ያስፈልጋል።»

«መቼ?»

«ሲያስፈልግ ነዋ!»

ድምፁ የእሱ ነው፤ ንግግሩ ግን የእኅቱ። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ጆንያውን በጭኑ ላይ አድርጎ ፈታው። ከላይ ያሉት ተራ ናቸው፤ የዳቦ ቤት፣ የአትክልት ቤት። ወደ ታች ሲገባ ግን ፌስታሎቹ እያረጁ፣ ቀለማቸው እየደበዘዘ መጣ። ፈርሶ መንገድ የሆነው የጫማ መደብር ስም ያለበት ተገኘ፤ የሠርጉን ጫማ ከዚያ ነበር የገዛው፣ ጫማውም ጠብቦት ቀኑን ሙሉ እያነከሰ ውሏል። የመድኃኒት ቤት ስም ያለበትም ተገኘ፤ ሚስቱ በታመመችበት ዓመት እትዬ እየተመላለሱ መድኃኒቷን የሚያመጡበት ነው። ይህንኛው ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግሞ የታጠበ ይመስላል። ሰዓት ሠሪው ሁለቱንም እንደ ነበሩ ለማጠፍ ሞከረ፤ ሦስት ማዕዘኑ ግን እምቢ አለው። የደቃቅ ዕቃ ሙያ ያለው ሰው አንድ ፌስታል ማጠፍ አቅቶት ብዙ ደከመ። ከዚያም ሱቁን ያለ ሰዓቱ ዘግቶ ጆንያውን ተሸከመና ወደ ቤት ተመለሰ፤ እትዬ ሳይቀድሙት ከበሩ ጀርባ ሊመልሰው፣ ዳኛው ያሉትን ይበሉ ብሎ።

በግቢው በር ዘበኛው ክንዱን ዘረጋ።

«ይከፈት፣ ሊቀመንበር።»

«እኔን ነው?»

«ሕጉ ማንም አይገባም ነው የሚለው። እርስዎ ማንም ነዎት።»

ከፈተው። ዘበኛው ወደ ውስጥ ተመለከተና በረጅሙ አፏጨ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ስፈትሽ አንዲት የጨው ፌስታል ብቻ ነበር የያዝኩት» አለ፤ ከሐዘን ይልቅ የሙያ ኩራት የሚሰማበት ድምፅ ነበር። «አይገባም።» ሰዓት ሠሪውም ራሱ ባወጣው ሕግ ከራሱ ግቢ በር ውጭ፣ ጆንያውን ታቅፎ፣ በፍርግርጉ መካከል ወደ ውስጥ የሚያይ ሰው ሆነ።

ውስጥ ትርኢቱ ተጀምሯል። ከጽዳት ቢሮ የመጣችው ባለሙያ ከቤት ቁጥር ወደ ቤት ቁጥር ትዞራለች፤ ዳኛውም አብረዋት ይዞራሉ። በየቁጥሩ ፊት የተቀመጠው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ሙሽራዋ አንድ የተቃጠለ ክብሪት አቅርባለች። አዋላጇ የሻይ ቅጠል በማንኪያ። ዳኛው አንድ የእንቁላል ቅርፊት በሸክላ ስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርገው፣ ከሥሩ ነጭ ሶፍት አንጥፈዋል። ባለሙያዋ በመጀመሪያ ተገረመች፣ ቀጥላ ተደሰተች፣ በመጨረሻ ግራ ገባት። «የዚህ ሁሉ ቤት ቆሻሻ ተደምሮ እኔ ብቻዬን ከምጥለው ያንሳል» አለች። «ምን ትበላላችሁ?» ምስጋናዋን ለመናገር ጉሮሮዋን ስትጠርግ የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ተሰማ።

ጋሪውን የሚገፋው የማዶው ሕንጻ ዘበኛ ነው፤ ፊቱ እንደ ፍም ቀልቷል። «ገለል በሉ!» ብሎ ሰዓት ሠሪውንም የራሳቸውን ዘበኛም በጎኑ ገፍቶ አለፈና በግቢው መካከል ጋሪውን ገለበጠው። «ከንጋት ጀምሮ ከበራችን ሥር እየጣላችሁ ስትሸሹ በመስኮት አያችኋለሁ! የእናንተን መልሼላችኋለሁ፤ ውሰዱት!» ክምሩ ከዳኛው የእንቁላል ቅርፊት አጠገብ ተዘረጋ። የጠርሙስ፣ የልጣጭ፣ የካርቶን፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ተራራ ነው። ከላዩ ላይ የሙሽራዋ ልጅ ስም በስኳር የተጻፈበት የልደት ኬክ ካርቶን ጉብ ብሏል፤ ከሥሩ የእንቁላል ቅርፊት ይፈስሳል፤ ቅርፊቱም አንድ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሲሆን፣ በሕንጻው ውስጥ ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው ዳኛው ብቻ ናቸው። ሁሉም ወደ ሰማይ አዩ። ሰማዩም ጠቁሯል፤ ዝናብ ሊመጣ ነው።

ባለሙያዋ ጨዋ ሰው ነበረች። «የማን እንደሆነ አልጠይቅም» አለች። «መኪናችን በመንገድ ላይ ነው፤ የተለየ ብቻ ነው የሚወስደው። ጠርሙሱን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ፣ የሚበሰብሰውን ለብቻ አድርጋችሁ በአንድ ነገር ያዙልኝ። ዝናቡ ከቀደማችሁ ቦዩ ውስጥ ነው የምታገኙት።» የምድር ቤት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ጫማቸውን አስታወሱና ጮኹ። በምን ይያዝ? ባልዲ ጠፋ። ሙሽራዋ የገበያ የጨርቅ ከረጢቷን ወደ ደረቷ አጥብቃ፣ «የስንት ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ አውጥቼበት!» አለች። ፌስታል ያለው ቢኖርም ሊያወጣ የደፈረ አልነበረም። ያን ጊዜ ዘበኛው በትሕትና ጣቱን ዘረጋ። «ከሊቀመንበሩ ዘንድ አለ። ጆንያ ሙሉ።»

ግቢው በሙሉ ወደ በሩ ዞረ። በዚያችው ቅጽበት ከደረጃው በር በኩል የዱላ ኳኳታ መጣ። እትዬ ናቸው። ከክሊኒክ ተመልሰው፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ባዶ ቦታ አይተው፣ አልጠየቁም፣ አልጠበቁም፤ በላስቲክ የተጠቀለለውን ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወርደዋል። በሕዝቡ መካከል አልፈው ከወንድማቸው ፊት ቆሙ።

«ወሰድከው።»

«አልጣልኩትም፣ እትዬ።»

«ልትጥለው ነበር።»

ሰዓት ሠሪው በቀኑ ውስጥ የተናገረውን ውሸት ሁሉ አስቦ ሌላ የሚጨምርበት አቅም አጣ። «ነበር» አለ። «በታክሲም ሞከርኩ፣ በመናፈሻም ሞከርኩ። ማንም አልቀበል አለኝ።»

አዋላጇ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቁ ግን በጣቶቿ መካከል አመለጠ፤ እሱም ወደ ሌላው፣ ሌላውም ወደ ሌላው ተሻገረ። እትዬ አልሳቁም። ጆንያውን ዳሰሱ፣ ክምሩን አዩ፣ የሰዎቹን ባዶ እጅ አዩ፣ ሰማዩን አዩ። ከዚያም ሻንጣቸውን በግቢው መካከል አጋድመው ተቀመጡበት።

«አስገባው» አሉ ዘበኛውን። ዘበኛው ስለ ሕጉ ሊናገር አፉን ሲከፍት «ከሕጉ በፊት የገባ ነው» ብለው ዘጉት። «በሉ፣ በተራ። ስጦታ አይደለም፤ ውሰት ነው። ይዘቱን መኪናው ላይ ትገለብጣላችሁ፣ ዕቃዬን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። በሳሙና ታጥቦ፣ ተገልብጦ፣ ደርቆ ይመለሳል። እርጥብ አልቀበልም።»

ሕንጻው ስብሰባ ላይ ያላሳየውን ሥርዓት ያን ዕለት አሳየ። ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። እትዬ ለእያንዳንዱ ሰው ፊቱን እያዩ መርጠው ይሰጣሉ። ለምድር ቤት ሰዎች ሰፋፊውን ሰጡ። ዳኛው ሲደርሱ አንዱን አንሥተው በብርሃን አዩትና ዘረጉላቸው።

«ቀዳዳ አለው እኮ፣ እመቤቴ።»

«ለአንድ እንቁላል ቅርፊት ይበቃል» አሉ እትዬ። «ይግባኝ ካለዎት ሲመልሱ እንነጋገራለን።»

ዳኛው ተቀብለው ሄዱ። በተሸበሸበ እጃቸው ልጣጭ ሲለቅሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ። መኪናው ሲመጣ ባለሙያዋ ራሷ እጅጌዋን ሰብስባ ታቀብል ነበር፤ እትዬም ከሻንጣቸው ላይ ሆነው «ይዘቱን እንጂ ዕቃውን አይደለም!» እያሉ ይጮኹባታል። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ ስትወርድ ግቢው ባዶ ነበር። ወጥ ቤት ማየት የሚባለውን ነገር ያስታወሰ ሰው የለም።

በጆንያው ግርጌ የቀረውን የመጨረሻውን ፌስታል፣ የጫማ መደብሩን፣ እትዬ ለወንድማቸው ሰጡ። «አንተም ትመልሳለህ። ሻንጣዬን ወደ ላይ አውጣልኝ፤ ዝናብ ነው።» ሻንጣውን አንሥቶ ደረጃውን ሲጀምር ከኋላው ተናገሩ። «ደስ አይበልህ። የምቆየው ዕቃዬ ተመልሶ እስኪያልቅ ነው። የመጨረሻው ሲመጣ እሄዳለሁ።» እሱም «እሺ» አለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት የሚሰማው የሰዓት ድምፅ ብቻ እንደ ነበር፣ ድምፅ የሌለውን ዜና አንባቢ ውሸታም የሚል ሰው ከመጣ ወዲህ ግን ሰዓቶቹን ሰምቷቸው እንደማያውቅ፣ በዚያ ደረጃ ላይ ነው የተገለጠለት። ሊነግራቸው ፈልጎ «ሻንጣው ከባድ ነው» አለ።

በማግሥቱ ዝናቡ ሲያባራ የሕንጻው በረንዳዎች ሁሉ በፌስታል ተሞሉ። ከምድር ቤት እስከ ጣሪያው ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ባለ መሥመር ፌስታል በመቆንጠጫ ተይዞ ይወዛወዛል። ሙሽራዋ በደረጃው መታጠፊያ ላይ ለአዋላጇ ስትነግራት ተሰማ፤ «ጥጉ ካልደረቀ ይመልሱብሻል። የእኔን ሁለት ጊዜ አሽትተው መለሱብኝ።» እትዬ በራቸውን ከፍተው ተቀምጠው ያስረክባሉ፤ የማንን ለማን እንደ ሰጡ አንዱንም አልሳቱም። ዳኛው ቀዳዳውን በፕላስተር ለጥፈው አመጡ፤ እትዬም አገላብጠው ካዩት በኋላ ወንበር አቀረቡላቸው፤ ዳኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ የዜና አንባቢውን ውሸት ለማረጋገጥ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ሰዓት ሠሪው ብቻ በየደረጃው ጎረቤት ባገኘ ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አትቸኩሉ፤ በደንብ ይድረቅ» ይላል። ቢልም ግን ሰው ለአንድ ጊዜ እንኳ ሕግ አክባሪ ሆኖበት ተቸገረ፤ ሁሉም መለሰ።

የቀረው አንድ ብቻ ነው። እሱም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሦስት ማዕዘን መሆን አቅቶት በአራት ማዕዘን ታጥፎ፣ በሱቁ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከሞቱት ሰዓቶች ሥር ተቀምጧል። ጫማ ሠሪው በሳንቃው ቀዳዳ አይቶታል። «ለምን አትመልስላቸውም?» አለው። ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን በዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ሥራው ጎንበስ አለ።

«ያስፈልገኛል» አለ።

እራት ላይ እትዬ «የአንተስ?» ይሉታል። «ሱቅ ረሳሁት፤ ነገ» ይላል። «ነገ አምጣ» ይላሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ዝምታውም ከበሩ ጀርባ አይቆምም። ትናንት ከሥራ ሲመለስ ቀና ብሎ በረንዳውን አየ። በገመዱ ላይ አንድ ትልቅ ላስቲክ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ ውኃውን እያንጠባጠበ ተሰጥቷል። ሻንጣው የተጠቀለለበት ላስቲክ ነው።